ማኅተሙ በዛ፤ ሥልጣኑስ የታል?

አዲስ አበባን ሲሸነሽኗት ኖረዋል። ደርግ ሸንሽኗታል። ኢሕአዴግ አንዴ ሸንሽኖ፣ አንዴ ሰፍቶ፣ መልሶ ሸንሽኗታል። ብልጽግናም ተራው ደርሶት መቀሱን አንሥቷል። ሁሉም መቀስ ሲያነሡ የሚናገሯት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ አስተዳደሩን ወደ ሕዝቡ እናቀርባለን የምትል። (ይህችን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የተናገረ ሰው የፈጠራ መብቱ ቢከፈለው ኖሮ ዛሬ ቦሌ ላይ ፎቅ በሠራ ነበር!) ጎበዝ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወደ እኛ ሲቀርብ የኖረ አስተዳደር ምነው እስከ ዛሬ ሳይደርስ ቀረ? ከጎንደር በእግሩ ቢነሣ እንኳ እስካሁን ስንት ጊዜ ደርሶ በተመለሰ!

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከተማዋ ስትቆረቆር መከፋፈሏ አልቀረም ነበር። መኳንንቱ በየኮረብታው ድንኳናቸውን ተከሉ፤ በዙሪያቸው ሎሌውና ወታደሩ ሰፈረ፤ ሰፈሩም በጌታው ስም ተጠራ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች የዚያ ትሩፋት ናቸው። ያኔም ቢሆን ሕዝቡን የጠየቀው አልነበረም። ቢያንስ ግን አለቃው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የወረዳህን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስም ንገረኝ ብልህ ትነግረኛለህ አንባቢ? እውነቱን!

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ከተማዋ በቀበሌ ተከፋፈለች፤ ከቀበሌው በላይ ደግሞ ከፍተኛ የሚባለው ተቀመጠ። በወረቀት ሲታይ ቀበሌ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። መሪዎቹን ነዋሪው ይመርጣል፤ የራሱ የፍርድ ሸንጎ አለው፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን የተወረሱ ቤቶች ያስተዳድራል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ይይዛል። ሐቁን ለመናገር፣ እንደ አጻጻፉ ቢሠራ ኖሮ በዚህች አገር ታሪክ ለተራው ከተሜ የተሰጠ ትልቁ ሥልጣን በሆነ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ምን ሆነ? ቀበሌው መሣሪያ ታጠቀ። ዘመኑ ቀይ ሽብር ሆነ። የሰፈሩን ልጅ ከነቤቱና ከነጓደኛው የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ለገዳይ ምን ያህል እንደሚመች ታላላቆቻችን በዓይናቸው አይተዋል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ግን በሰፈሬ የቀበሌው ግቢ በር ላይ ሲያልፉ እስከ ዛሬ ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች አውቃለሁ።

ይህን ያነሣሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። ትንሽ መሥሪያ ቤት በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። መሪውን ነዋሪው የሚሾመውና የሚሽረው ከሆነ ቀርቦ ይሰማሃል። መሪው ከላይ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ቀርቦ ያይሃል። በመስማትና በማየት መካከል ያለው ልዩነት ሰው አስፈጅቷል።

ከ305 ወደ 99፣ ከ99 ወደ 116

ኢሕአዴግ ሲገባ ከፍተኛው ቀረና ዞንና ወረዳ መጡ። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ጊዜ አዲስ አበባ 6 ዞን፣ 28 ወረዳና 305 የከተማ ቀበሌ ነበራት፤ ነዋሪዋ 2.1 ሚሊዮን ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ ቻርተር ወጣ፤ ዞኑና ወረዳው ፈርሰው 10 ክፍለ ከተማ ተተከለ፤ ቀበሌዎቹም እየተዋሐዱ ሄዱና በ1999ኙ ቆጠራ 99 ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሲያድግ ቀበሌው ከ305 ወደ 99 ወረደ። ከዚያ ወደ 2003 ዓ.ም. ግድም 99ኙ 116 ሆኑና ስማቸው ከቀበሌ ወደ ወረዳ ተለወጠ። ሰሌዳ ተለወጠ፣ ማኅተም ተለወጠ፣ የደብዳቤ ራስጌ ተለወጠ። ግቢው ያው ግቢ፣ ወረፋው ያው ወረፋ! በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ተጨመረ።

ሲሸነሸን ለአንተ ተብሎ ነው፤ ሲሰፋም ለአንተ ተብሎ ነው። አንተ ግን አንድም ቀን ተጠርተህ «እንዲህ ልናደርግ ነው፤ ምን ትላለህ?» አልተባልክም።

የለሚ ኩራን ነገር ካነሣሁ አይቀር ፍርደ ገምድል እንዳልሆን እፈራለሁ። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ለአንድ ወረቀት ሁለት ታክሲ ይዞ ወደ ድሮው ክፍለ ከተማ መሄዱ ግፍ ነበር። ጽሕፈት ቤት መቅረቡን የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የቀረበው ምንድን ነው? ጠረጴዛውና ማኅተሙ ቀርቧል። ውሳኔውስ? ወረዳ የራሱን ግብር አይጥልም፤ የሚበላው ከላይ የሚቆረጥለትን ነው። መሬት ነክ ነገር ይዘህ ብትሄድ «ክፍለ ከተማ ይጠይቁ» ይልሃል። ክፍለ ከተማው «ከማዕከል መመሪያ እየጠበቅን ነው» ይልሃል። ማዕከሉ «ወደ ታች አውርደነዋል» ይልሃል። ከላይ ወርዷል፣ ከታች አልደረሰም፤ እንግዲህ መንገድ ላይ የቀረው የት ጋ ነው? ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ይሆናል!

የጎረቤቴን ጉዳይ ላውጋችሁ። የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አልጠራም፤ ብጠራ ጦሱ ለእሳቸው ነው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ በስቶ ክረምት ሲገባ ሦስት ባልዲና አንድ ሰፌድ ላስቲክ ለብሶ ቤት ውስጥ ይደረደራል። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ አይታደስም፤ ስለዚህ የእድሳት ፈቃድ ጠየቁ። ወረዳው ማህደራቸውን ፈለገ። ማህደሩ የለም። ለምን ቢባል ድንበር ሲከለል ቤታቸው ወደ አዲሱ ወረዳ ዞሯል፤ ማህደሩ ግን በድሮው ቀርቷል። አብሬያቸው ሄድኩ።

በድሮው ወረዳ ያለው ልጅ፤ «ማዘር፣ ቤትዎ ከእኛ ወጥቷል እኮ!» አላቸው።

«ቤቱማ እዚያው ነው ያለው የኔ ልጅ፤ የወጣችሁት እናንተ ናችሁ» አሉት።

ልጁ ሳቀ። ማህደሩን ግን አልሰጠም፤ ርክክብ አልተደረገማ! አዲሱ ወረዳ ስንመለስ ደግሞ ማህደር በእጅ አይመጣም፣ በደብዳቤ ነው የሚጠየቀው ተባልን። ደብዳቤው ተጻፈ። ወጪ ሆነ። ገቢ ሆነ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያ ተዛወሩ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በኋላ የሰፈሩ ልጆች በሌሊት ጣሪያው ላይ ወጥተው ሁለት ቆርቆሮ መቱላቸው፤ ሕገ ወጥ ግንባታ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። አንድ አሮጊት ጣሪያቸውን ለማስደፈን ወንጀለኛ የሚሆኑበት አስተዳደር ወደ ሕዝቡ ቀረበ ይባላል?

አሁን ይህን የሚያነብ አንድ ሹም «የአሠራር ክፍተት ነው፤ ማህደሩ በኮምፒውተር ሲገባ ይስተካከላል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ይግባ። ግን ያ ልጅ ማህደሩን ያልሰጠው ኮምፒውተር ስላጣ አይመስለኝም። የእትዬን ጣሪያ ቢያስደፍን የሚያመሰግነው፣ ባያስደፍን የሚቀጣው ሰው ሰፈሩ ውስጥ ስለሌለ ነው። የሚያመሰግነውም የሚቀጣውም ከላይ ነው። ከላይ ያለው ሰው ደግሞ ባልዲው ላይ ጠብ የሚለውን ውኃ ድምፁን አልሰማም።

ወንበር የማብዛት ጥበብ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ግንቦት 1997 ዓ.ም. አዲስ አበቤ ለከተማው ምክር ቤት መረጠ። ከ138 ወንበር 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። አንዲቷን ብቻ ነው ያስቀረው! የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ሰው ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ቃሊቲ ገቡ፤ (ዛሬ የት እንዳሉ አንባቢ ያውቃል፤ የፖለቲካን ነገር ተዉት!) ከተማዋም በ1998 ዓ.ም. ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ ግን ገዢው ፓርቲ ትምህርቱን ቀስሞ ነበር። ቀድሞ 15 ያህል ሰው የሚቀመጥበት የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ወንበር እንዲኖረው ተደረገ። ሦስት መቶ! በየቀበሌው! በመላ አገሪቱ የወንበሩ ብዛት ከ3.6 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ያህል ዕጩ ሊያቀርብ የሚችል ድርጅት በዚህች አገር አንድ ብቻ ነበር፤ ወንበሩን የዘረጋውም እሱው ነው። መሪዎቹ ከእስር በወጡ ማግስት፣ አባሎቹ በየቀበሌው ስማቸው በተመዘገበ በዚያ ሰዓት፣ ተቃዋሚው 300 ደፋር ሰው ከአንድ ቀበሌ ከየት ያመጣል? ኅብረትና ኦፌዴን ከውድድሩ ወጡ። ወንበሩ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ወገን ተያዘ።

ሥልጣን ሲሸነሸን ሁልጊዜ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ የዋህ ይህን ይመልከት። ሥልጣን እስኪጠፋ ድረስም ሊሸነሸን ይችላል። ሦስት መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚወስነው ነገር የለም፤ የሚያጨበጭበው ግን ብዙ ነው። ከ2002ቱ ምርጫ ዙሪያ ጀምሮ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ቀጠና እያለ የወረደው ሽንሸና በመጨረሻ አምስት ሰው ላይ ደረሰ። ከዚህ በታች ቢቀጥል ባልና ሚስትን መለየት ነበር የቀረው።

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተደረገ፤ 33 ፓርቲዎች ሜዳው አይመችም ብለው አልገቡም። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተላለፈ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ወረፋ ይዘን የመረጥነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ለወረዳ የሚሆን የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። እስቲ አስሉት። በ2006 ዓ.ም. 18 ዓመት የሞላው ልጅ በ2013 ዓ.ም. 25 ዓመቱ ነው። ሥራ ይዟል፣ ምናልባትም አግብቷል፣ መታወቂያውን ሦስቴ አሳድሷል። የወረዳውን ተመራጭ ግን አንድ ጊዜም መርጦ አያውቅም። በዚያው ዓመት ግን አዲስ ክፍለ ከተማ ተመረቀለት። ምርጫ የሌለው ክፍለ ከተማ!

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ለንደንን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት በሌበር ፓርቲው በኬን ሊቪንግስተን እጅ ነበር። ሰውየው ከፓርላማው ማዶ፣ ከቴምዝ ወንዝ ባሻገር ባለው በምክር ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የለንደንን ሥራ አጦች ቁጥር በትልቁ አስጽፎ ሰቀለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ከማዶ ሆነው እንዲያነቡት። አነበቡት። በመጋቢት 1986 መጨረሻ ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ ሥራውም ለ32ቱ የለንደን ክፍለ ከተሞችና ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተከፋፈለ። ያን የሚያህል ከተማ እስከ 2000 ድረስ መላውን ከተማ የሚያስተዳድር የራሱ ምርጫ የወለደው አካል አልነበረውም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እዚያ የክፍለ ከተሞቹ ምክር ቤቶች በሕዝብ የተመረጡ ስለነበሩ ራሱ ቢቆረጥም እግሩ ይራመድ ነበር። በ2000 ከንቲባ ይመረጥ ሲባልም ለንደን ያንኑ ሊቪንግስተንን፣ ፓርቲው አላቀርብህም ቢለው በግሉ ተወዳድሮ፣ መርጦ አስገባው። (ሕዝብ ይረሳል የሚሉን ወገኖች ይህችን ይያዙልኝ።)

ራቅ አለብን ካላችሁ ኡጋንዳ ቅርብ ነው። ሙሴቬኒ በ1986 ሥልጣን ሲይዙ 33 ዲስትሪክት ነበር፤ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። ምርጫ ሲደርስ አዲስ ዲስትሪክት፣ አዲስ ሹመት፣ አዲስ መኪና። መንገዱና የጤና ጣቢያው ግን በዚያው ልክ አልበዛም።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ሙሉ! በአንቀጽ 50 ደግሞ፣ ስለ ክልሎች ሲናገር ቢሆንም፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ጥሩ ቃል ነው። ግን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ተካለለ ተብሎ ሲነገረን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወደ ኦሮሚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ ሆኑ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ዕጣ ወጥቶለት፣ ቆጥቦ፣ ተበድሮ የገባ ሰው ከየትኛው አስተዳደር እንደሆነ የሰማው ከቴሌቪዥን ነው። የልጁ ትምህርት ቤት፣ የሚከፍለው ግብር፣ የሚመርጠው ምክር ቤት በአንድ ምሽት ዜና ተለወጠ። በማግስቱም በዙሪያችን እንደ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ያሉ ከተሞች ተዋሕደው ሸገር ከተማ ተባሉ። እዚህ ሽንሸና፣ እዚያ ስፌት። ነዋሪው በሁለቱም ቦታ ጨርቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ የሚል አንባቢ ይኖራል። ያው ተራ ነገር ነው የምለው፤ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ድንበር ከመነቀሉ በፊት በሰፈሩ አዳራሽ ካርታው ተሰቅሎ ነዋሪው ይየው፤ ይቃወም፤ ድምፅ ይስጥ። አዲስ ወረዳ ሪባን ሳይቆረጥለት ማህደሩ ተቆጥሮ ይረከብ፤ ጣሪያ የሚያፈስበት ሰው በሁለት መዝገብ ቤት መካከል እንዳይንከራተት። ወረዳው በዓመቱ ስንት ብር እንደተሰጠውና በምን እንዳጠፋው በራሱ በር ላይ ይለጠፍ፤ የአገልግሎት ክፍያ ተመን ለመለጠፍ ቦታ አላጡም እኮ! ከሁሉም በላይ የወረዳው ምክር ቤት ይመረጥ፤ ሦስት መቶ ሆኖ ሳይሆን ስማቸውንና ቤታቸውን በምናውቀው ጥቂት ሰው። ይህ ካልሆነ ያለው ይብቃን። የደሞዙንና የነዳጁን ብር ለቆርቆሮ ያውሉት።

የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር አለው። ሥራችሁ ስብሰባ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አንጠይቃችሁም። የሚቀጥለው የሽንሸና ካርታ ሲቀርብላችሁና «በሙሉ ድምፅ» ሊባል እጅ ሲዘረጋ፣ ከ138ታችሁ አንዳችሁ ብድግ ብላችሁ «ነዋሪው ተጠይቋል ወይ?» በሉልን። መልሱም በቃለ ጉባኤው ይያዝ።